አርባ ዓመት የሞላው ሰው ምን ይባላል?

አንድ የአዘዞ ልጅ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ዲስክ ጎልፍ ጀምረናል። የውድድር ምድቦቹን ስም ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አማተሩን ‹ጀማሪ›፣ ፕሮፌሽናሉን ‹ባለሙያ›፣ 40 ፕላሱን ‹የአዛውንት ምድብ› አልኩት። አጎቴ የ1978 ዓ.ም. ልጅ ናቸው፣ ዘንድሮ ገና 40ን ያዙ። ወረቀቱን አይተው ‹አዛውንት ማነው?› ብለው አኮረፉኝ። ምን ልበል?»

አጎትህ እውነታቸውን ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ሳህን የመሰለ ዲስክ እየወረወሩ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ በጥቂት ውርወራ ማስገባት ነው። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የፕሮፌሽናል ዲስክ ጎልፍ ማህበር» የሚባል ማህበር አለው፤ ምድቦቹን የሚሰይመውም እሱ ነው።

ከ«ጀማሪ» እንነሳ። አማተር ጀማሪ አይደለም። ቃሉ ሥሩ ላቲን ነው፣ «መውደድ» ከሚለው ግስ ወጥቶ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ የመጣ። ስለወደደው የሚጫወት ማለት ነው። በዲስክ ጎልፍ ዋናው ልዩነት ሽልማቱ ላይ ነው፦ ፕሮፌሽናሉ ጥሬ ገንዘብ ይወስዳል፣ አማተሩ ዕቃ። አማተሮቹ ደግሞ በችሎታ አራት ደረጃ አላቸው፤ ጀማሪ የሚባለው የመጨረሻው ብቻ ነው። ሁሉንም ጀማሪ ካልካቸው ያንን ምስኪን ምን ልትለው ነው? የጀማሪ ጀማሪ? አማተር ቦክሰኛ፣ አማተር ከያኒ ስንል ኖረናል፤ አትንካው።

«ባለሙያ»ም አይሆንም። እዚህ ጎንደር ባለሙያ ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ ዶሮዋን 12 ብልት አድርጋ የምታወጣ ሴት ናት። «ገንዘብ ተቀባይ» ብትለው ደግሞ የባንክ መስኮት ነው ትዝ የሚለው። ፕሮፌሽናል ይሁንልህ።

ሁሉም ከግዕዝ ይቀዳ የሚሉ ሰዎች አሉ፦ ወጣቱን «ወሬዛ»፣ ሽማግሌውን «አረጋዊ»። ግዕዝ እኔም እወዳለሁ፣ ያደግኩበት ነው፤ ግን አረጋዊ ስትሉኝ አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ደብረ ዳሞ ሲወጡ እንጂ አንድ ሰውዬ ቁምጣ ለብሶ ዲስክ ሲወረውር አይታየኝም። ይቅርብን።

የኔ ነጥብ ሌላ ነው። የአማርኛ የዕድሜ ስሞች ከቁጥር ይልቅ ማዕረግ ናቸው። ሽማግሌ የሚባለው ያስታርቃል፣ ለጋብቻ ልጅ ይጠይቃል፤ ዕድሜው ግን 35ም ሊሆን ይችላል። ጋዜጠኛው የሚወዳት «አንጋፋ» ደግሞ ከኦሮምኛው «ሃንጋፋ» ጋር አንድ ናት፣ የበኩር ልጅ ማለት ነው። በኩር ሆኖ የ5 ዓመት ልጅ የሆነ ስንት አለ! «ጎበዝ»ንም ተመልከት። ዛሬ ፈተና ያለፈ ተማሪ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱሱ «ጎበዞቻችሁም ራእይ ያያሉ» ሲል ግን ጎረምሶቹን ነው፣ «የጎበዝ አለቃ»ም እነሱን የሚመራ ነበር። ዕድሜ የማይጠየቅበትን ምድብ «የጎበዝ ምድብ» ብትሉልኝ ደስታዬ ነበር። ፈረንጆቹ «ኦፕን» የሚሉትን ቃል በቃል «ክፍት ምድብ» ማለት የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይመስለኛል። ግን ማንም እንደማይሰማኝ አውቃለሁ።

ለ40 ስም ካስፈለገህ «ጎልማሳ» በለው። ጎለመሰ፣ ጎልማሳ፣ አጎትህም አያኮርፉም። ፈረንጆቹ ራሳቸው ማስተርስ፣ ግራንድማስተርስ፣ ሌጀንድስ ሲሉ ኖረው አሁን ቁጥሩን ያስቀድማሉ፦ 40፣ 50፣ 55፣ 60 እያለ ይሄዳል። (ማስተርስ ብትል እዚህ ከተማ «በምን ትምህርት?» ተብለህ ነው የምትጠየቀው።)

ቁጥሩን ስትጽፍ ግን «ከ40 ዓመት በላይ» እንዳትል። «ከ40 በላይ» 40ን ራሱን ውጭ ያስቀራል፤ ምድቡ ደግሞ የሚጀምረው ከ40 ነው። ታዳጊዎቹም እንዲሁ፣ «ከ18 በታች» ሳይሆን «እስከ 18» ነው። እርግጥ በእግር ኳስ 17 ዓመቱ የሆነ ልጅ እየተጫወተ «ከ17 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን» እንላለን። ሬዲዮው ለመደው፣ ጆሮም ለመደው። እሺ፣ እዚያ ላይ ተሸንፌያለሁ። አንተ ግን ገና እየጀመርክ ስለሆነ አስተካክለህ ጀምር።

«40 የሞላው» ማለትም አይበቃም። ማህበሩ የሚያየው የልደት ቀኑን ሳይሆን ዓመቱን ነው፤ በዚያ የፈረንጅ ዓመት ውስጥ 40 የሚሞላው ሰው፣ ልደቱ በዓመቱ መጨረሻ ቢሆንም፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ይገባል። ስለዚህ «40 የሚሞላውና ከዚያ በላይ» በል። እዚህ ላይ የኛ አቆጣጠር ጉድ ያመጣል። ህዳር 1978 የተወለደ ሰው በፈረንጅ የ1985 ልጅ ነው፣ በ2025 ይገባል። ሚያዝያ 1978 የተወለደው ግን የ1986 ነው፣ እስከ 2026 ይጠብቃል። ሁለቱም ግን «የ78 ልጅ ነኝ» ነው የሚሉህ።

አጎትህን ታረቃቸውና ወሩን ጠይቃቸው።