የአርኤክስ 8 ዘይት፦ ጠይቁ፣ ጋሽ ታዴ ይመልሳሉ

ጋሽ ታዴ፦ በቃሌ መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ማዝዳ አርኤክስ 8 የሞተር ዘይት የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ስለ ቀለም፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ማርሚታ ድምፅ አልመልስም። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ይህ መኪና ዘይት ይበላል። ሲሠራም እንዲበላ ተደርጎ ነው። "ዘይት እየጨረሰ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ?" ለሚል ሰው መልሴ ከወዲሁ ይኸውና፦ ጨምርበት።

ዳኒ ከቨርጂንያ፦ ጋሽ ታዴ እንዴት አመሹ? የ2005 አርኤክስ 8፣ ባለ ማንዋል ማርሽ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው "ይሄ እንደሌሎቹ ዘይት አይነካም፣ 3,000 ማይል ሲሞላ እየቀየርክ ዝም ብለህ ንዳ" አለኝ። ዕድለኛ ነኝ ማለት ነው?

ጋሽ ታዴ፦ አይደለህም። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሞተር የሚቃጠለው በዚህ ነው።

በተለመደው ሞተር ዘይቱ ከታች ይረጫል፣ የፒስተኑ ፋሻ ጠርጎ ወደ ታች ይመልሰዋል። የአንተ ሞተር ሮታሪ የሚባለው ነው፣ ፒስተን የለውም። በፒስተን ፋንታ እየዞሩ የሚሠሩ ባለ ሦስት ማዕዘን ሁለት ሮተር ነው ያለው። በየጫፋቸው አንድ አንድ አፔክስ ሲል የሚባል ማሸጊያ አለ፣ በድምሩ ስድስት። እነዚህ ሲሎች ሮተሮቹ የሚዞሩበትን ቤት ግድግዳ እየታከኩ ይዞራሉ። ባለ ማንዋል ማርሹ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ይሄዳል። ታዲያ እዚያ ውስጥ ማን ያለሰልሳቸው? ለዚህ ነው ማዝዳ ትንሽ ፓምፕ ያስቀመጠው። ፓምፑ ከሞተሩ ቋት ዘይት እየቀዳ በጥቂት በጥቂቱ ሮተሮቹ ወዳሉበት ቤት ይልካል። ዘይቱ ሲሉን አርሶ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ዙርና ጭነት ሲጨምር ፓምፑም ይጨምራል።

እንግዲህ ዘይቱ ካልቀነሰ ሲሎቹ ምን እየጠጡ ነው? ወይ ፓምፑ ሰንፏል፣ ወይ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ተደፍነዋል፣ ወይ ሰውየው የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ አያውቅም። እኔ የምጠረጥረው ሦስተኛውን ነው። በ1,000 ማይል ከግማሽ እስከ አንድ ኳርት (ኳርት አንድ ሊትር ገደማ ነው) ከበላ ጤነኛ ነው። ምንም ካልበላ ነገ ጠዋት ፓምፑን አስፈትሽ።

ሁላችሁም ስሙኝ፦ ቤንዚን ሁለት ጊዜ ስትሞሉ አንድ ጊዜ መለኪያውን አውጡና እዩ።

ማሞ ኮሮላ፦ እኔ ቤንዚን ሃያ ጊዜ እሞላለሁ፣ ኮፈን አልከፍትም። ቶዮታ ይባላል። 😂

ጋሽ ታዴ፦ ማሞ፣ እንኳን ደስ አለህ። ቀጣይ።

ሰብሊ፦ ጋሼ፣ እኔ ስለካ አንዴ ሙሉ ነው፣ አንዴ ባዶ ነው። የቱን ልመን?

ጋሽ ታዴ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። የዚህ መኪና መለኪያ ረጅምና ተጣጣፊ ነው። ስታወጪው የቱቦውን ግድግዳ እየነካ ዘይት ስለሚቀባ ያሳስታል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሚ። ሞተሩ ሞቆ ይጥፋ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቂ። መጀመሪያ ስታወጪው የምታዪውን አትመኚ። በነጭ ጨርቅ ጥርግ አድርጊው፣ እስከ መጨረሻው መልሰሽ አስገቢ፣ አውጪ። ሁለቱንም ጎን እዪ፣ ዝቅ ያለውን እመኚ። ስትጨምሪም ግማሽ ኳርት ብቻ፣ በረጅም ማፍሰሻ ቀስ አድርገሽ። ጠብቂ፣ እንደገና ለኪ። ከላይኛው ምልክት አሳልፎ መሙላት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ትርፉ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር መግቢያው ይሄድና መኪናው ይጨሳል።

ሰብሊ፦ ክዳኑ ሥር እንደ ማዮኔዝ ነጭ አረፋ አለ። ውሃ ገብቶበት ይሆን?

ጋሽ ታዴ፦ በብርድ ወቅት አጭር አጭር መንገድ ትነጂያለሽ፣ አይደል? የመሙያው አንገት ረጅም ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ እዚያ ላይ ይቀራል። ጥረጊው። የራዲያተሩ ውሃ እየቀነሰ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ጋራዥ ውሰጂው።

አቤል፦ ምን ዘይት ልጠቀም?

ጋሽ ታዴ፦ የት አገር? ስንት ዓመተ ምህረት? እንዲህ ተጠይቆ ምን ይመለሳል?

አቤል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ዱባይ ነኝ። 2007።

ጋሽ ታዴ፦ እንዲህ ጠይቀኝ እንጂ። ማዝዳ አሜሪካ ውስጥ 5ደብልዩ 20 ብሎ ጽፏል (ቁጥሩ የዘይቱ ውፍረት ነው)፣ በሌሎች አገሮች 5ደብልዩ 30 ይላል። ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነው። እኔ አሜሪካም ሆኜ 20ውን አልነካውም፣ ለዚህ ሞተር ይቀጥንብኛል። የዱባይ በጋ ላይ ደግሞ ብሆን 10ደብልዩ 40 አደርግ ነበር። ከመኪናው ጋር የመጣውን የአገልግሎት መጽሐፍ እይ፣ ለሞቃት አገር ሰንጠረዥ አለው።

ኢንጂነር ኪያ፦ ዋናው ጥያቄ ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀመረ ዘይት) ወይስ ማዕድን (ከድፍድፍ የተጣራ) ነው እኮ። ሮታሪ ውስጥ ሲንተቲክ ከገባ አይቃጠልም፣ ቆሻሻ ይተዋል፣ ሲል ይጎዳል።

ዳኒ ከቨርጂንያ፦ ያ የድሮ ወሬ ነው። የዛሬው ሲንተቲክ ንጹሕ ነው።

ኢንጂነር ኪያ፦ ማዝዳ ራሱ አልመክርም ሲል ነበር!

ዳኒ ከቨርጂንያ፦ በስንት ዓመተ ምህረት?

ማሞ ኮሮላ፦ ሁለታችሁም ኮሮላ ግዙ።

ጋሽ ታዴ፦ በቃ! ይህ ክርክር ከዚህ መኪና በፊት የነበረው አርኤክስ 7 ካለበት ዘመን ጀምሮ አለ። ሲንተቲክ አድርጎ ብዙ የነዳ አለ፣ በማዕድን ዘይትም ብዙ የነዳ አለ። መለኪያ ሳይነካ የነዳ ግን በሁለቱም ዘይት ሞተሩን ያስከፍታል። እኔ የማዕድን ዘይት ነው የምጠቀመው፣ በየ3,000 ማይሉ እቀይራለሁ። ርካሽ ስለሆነ ስጨምር እጄ አይሰስትም። "ሞተር ያድሳል" እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን መድኃኒት ግን አታፍስሱበት። እዚህ ሞተር ውስጥ ቋቱ የገባ ሁሉ ተቃጥሎ የሚወጣ ነው።

ፍሬው፦ ቤንዚን ውስጥ የሁለት ስትሮክ ዘይት፣ ያ ለትንንሽ ሞተሮች ከቤንዚን ጋር የሚደባለቀው፣ መቀላቀልስ?

ጋሽ ታዴ፦ እሱን እወዳለሁ። ፓምፑ የሚልከው የሞተር ዘይት ነው፣ የሞተር ዘይት ደግሞ እንዲቃጠል ተብሎ አይሠራም። የሁለት ስትሮክ ዘይት ግን ለመቃጠል ነው የተሠራው። ጃሶ ኤፍዲ የሚል ምልክት ያለውን ግዛ። በአንድ ጋሎን ቤንዚን ግማሽ አውንስ ይበቃል። አሥር ጋሎን የምትሞላ ከሆነ አምስት አውንስ። መጀመሪያ ዘይቱን አፍስስ፣ ከዚያ ቤንዚኑን፤ ራሱ ይቀላቀላል። ይህን አደረግሁ ብለህ ግን ፓምፑን አትንቀል። መለኪያውንም አትርሳ።

ዮናስ፦ የኔ ዳሽቦርድ ላይ የዘይት ግፊት ጌጁ ሁሌም መሀል ላይ ነው። ስለዚህ ዘይቱ በቂ ነው ማለት ነው?

ጋሽ ታዴ፦ ከ2004 እስከ 2008 ባሉት ላይ ያ ጌጅ ለይስሙላ ነው። ከኋላው ያለው እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፦ ግፊት አለ ወይም የለም። ግፊት ካለ መርፌው መሀል ይቆማል፣ አለቀ። የዘይት መጠን መብራቱ መታጠፊያ ላይ ብልጭ ካለ ግን ቀልድ አይደለም፣ ጥግ ይዘህ አቁም። መብራት ከምትጠብቅ ደግሞ፣ ስንት ጊዜ ልበል፣ አውጥተህ እይ።

ፍሬው፦ ፊልትሮውን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ጋሽ ታዴ፦ ትችላለህ። ከላይ፣ ዐይንህ ሥር ነው። ሥሩ ጨርቅ አድርግ፣ ይፈስሳል። አዲስ ዘይት ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ይበቃዋል። የቀረው ዘይት ማቀዝቀዣዎቹና መስመሮቹ ውስጥ ነው፣ አይወርድልህም። መጽሐፉ የሚለው ጠቅላላ መጠን በልጦብህ ያን ሁሉ እንዳታፈስበት።

አቤል፦ ጋሼ፣ መኪናዬን ወደ አዲስ አበባ ብልከውስ? ከፍታው ላይ ዘይቱ ይለያል?

ማሞ ኮሮላ፦ ቤንዚን መኪና ማስገባት ተከልክሏል ወንድሜ፣ ከ2024 ጀምሮ።

ኢንጂነር ኪያ፦ በኤሌክትሪክ ቀይረህ ላክ 😂

ዳኒ ከቨርጂንያ፦ ማዝዳ ኤምኤክስ 30 ላይ ሮታሪውን ጄኔሬተር አድርጎታል እኮ፣ በ2023 ወጣ።

ኢንጂነር ኪያ፦ እሱም ቤንዚን ነው የሚያነደው።

ጋሽ ታዴ፦ ጉምሩክ አይደለሁም። ሌላ የዘይት ጥያቄ አለ?

ሊዲያ፦ እኔ ገና ልገዛ ነው። ከመግዛቴ በፊት ዘይቱን አይቼ ሞተሩ ጥሩ መሆኑን ማወቅ እችላለሁ?

ጋሽ ታዴ፦ አትችዪም። ሻጩ ትናንት ማታ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ አስለኪ፣ ያውም የሮታሪ መለኪያ ባለው ጋራዥ። በተራው መለኪያ የሮተሩ የሦስቱ ጎን ቁጥር አይለይም። ከ680 ኪሎፓስካል በታች ካለ አትግዢ። ሞተሩ ሞቆ ካጠፋሽው በኋላ መልሶ ለመነሳት ካስቸገረም አትግዢ። ሻጩ "ዘይት አይበላም" ካለሽ ደግሞ ዳኒ ጋር ደውዪና ተጽናኑ።

ዳኒ ከቨርጂንያ፦ ጋሼ፣ አሁን ወርጄ አየሁት። ከታችኛው ምልክት በታች ነው።

ጋሽ ታዴ፦ ግማሽ ኳርት። ከዚያ ጠብቅና ለካ።