ከአያቱ ጋቢ ወደ ተደራራቢ አልጋ

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የዐሥር ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ባለቤቴ በዚህ ክረምት ቢሾፍቱ ለሚካሄድ የልጆች ካምፕ አስመዝግቦታል፤ ከሐምሌ 20 ጀምሮ ዐሥራ አራት ሌሊት ያድራል። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ከቤት ውጭ አድሮ አያውቅም፤ የሚተኛውም ከባለቤቴ እናት ጋር በአንድ ጋቢ ውስጥ ነው። እማማ ነገሩን ከሰሙ ወዲህ «የሰው ልጅ እንደ በግ ለማያውቁት አይነዳም» እያሉ እህል እንኳ በቅጡ አይቀምሱም። ባለቤቴ ደግሞ «አያቴ በስምንት ዓመቱ የቆሎ ተማሪ ሊሆን ከመንዝ ተነሥቶ ጎጃም ገብቷል፤ ቢሾፍቱ ምን አላት?» ይላል። ሌላም ለማንም ያልነገርኩት ጉዳይ አለ፦ ልጁ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ አልጋ ላይ ይሸናል። ናፍቆት እንዳይጎዳው ምን ላድርግ? ወይስ ይቅርበት?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ በግንቦት መጀመሪያ ስለሆነ እስከ ሐምሌ 20 ከሁለት ወር በላይ አለን፤ ለዚህ ዓይነቱ ዝግጅት በቂ ጊዜ ነው። አስቀድሜ ግን ጥያቄዎን ጥቂት ላቃናው። ግባችን «ናፍቆት እንዳይዘው» ከሆነ ልጁም እርስዎም ገና ከመነሻው ተሸንፋችኋል፤ ምክንያቱም ናፍቆቱ መምጣቱ አይቀርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ ርቆ የሚያድር ልጅ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ሆዱ ቢባባ ጤነኛ ሰው የሚወደውን ሲለይ የሚሰማውን ነው የተሰማው። በ1688 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ባዝል ላይ ሕክምና ያጠና ሰው ለዚህ ስሜት የበሽታ ስም አውጥቶለት ነበር፤ ዛሬ እኛ በሽታ አንለውም። የልጅዎ ዝግጅት እንግዲህ ናፍቆቱ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግበት ማወቅ ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2007 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ያወጣው የባለሙያዎች ዘገባ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ልጁን በውሳኔው ውስጥ ማስገባት ነው። በእናንተ ቤት ይህ አልሆነም፤ አባት አስመዘገበ፣ ልጅ ተነገረው። በግድ እንደተላከ የሚያስብ ልጅ ናፍቆቱ ይጠናበታል። የተከፈለው ገንዘብ ባይመለስ እንኳ ለልጁ የሚተዉ ብዙ ውሳኔዎች አሉ፦ የትኛውን ሻንጣ እንደሚይዝ፣ አብሮት የሚሄድ የሰፈር ጓደኛ መኖር አለመኖሩን፣ ማን እንደሚሸኘው፣ ከቤት ምን ይዞ እንደሚሄድ። አባቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ሳልጠይቅህ ነው ያስመዘገብኩህ፤ አሁን ግን ሐሳብህን መስማት እፈልጋለሁ» ቢለው ከክብሩ የሚቀንስበት ነገር የለም።

በአገራችን ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው ግን ልጅን ሸውዶ መሄድን ነው። «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ብሎ በጓሮ በር መውጣት በብዙ ቤት እንደ ብልኃት ይቆጠራል፤ ለልቅሶው ማምለጫ ይሆናልና። እኔም የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እንዲሁ ዘመድ ቤት ተትቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ነጠላውን ባነሣ ቁጥር እግሩ ሥር እጠመጠም እንደነበር እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ልጁ ያን ዕለት የሚማረው ወላጅ ሳይናገር ሊጠፋ የሚችል መሆኑን ነው። ስለዚህ የመሄጃው ቀን፣ የሌሊቶቹ ብዛትና የመመለሻው ሰዓት ከወዲሁ ይነገረው፤ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ዐሥራ አራቱን ሌሊት ራሱ ያክብባቸው። ስንብቱም አጭርና ግልጽ ይሁን። ስሞ፣ መርቆና የመመለሻውን ቀን ነግሮ መኪና ውስጥ መግባት ይበቃል፤ ዞሮ ዞሮ እየተመለሱ ማቀፍ ልጁን «የሚያስፈራ ነገር ቢኖር ነው» ያሰኘዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ቃል ኪዳን አለ፤ እናቶች በቅን ልብ የሚገቡት፣ እኔ ግን አጥብቄ የምከለክለው፦ «ካልተመቸህ ደውልልኝ፣ ወዲያው መጥቼ እወስድሃለሁ።» ይህን የሰማ ልጅ ገና ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ይገባዋል። አንደኛው እናቴ እችላለሁ ብላ አታምንም የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የናፍቆት መድኃኒት ስልክ ነው የሚል። በሁለተኛው ሌሊት ይደውላል፤ እርስዎ ካልመጡ ቃልዎን አፍርሰዋል፣ ከመጡ ደግሞ ናፍቆቱ ሊበርድ ሲል አቋርጠውታል። በምትኩ እንዲህ ይበሉት፦ «መናፈቅህ አይቀርም፤ እኔም እናፍቅሃለሁ። ሲብስብህ ለአስተባባሪው ንገረው፣ ከልጆቹ ጋር ተጫወት፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ቅዳሜ ስትመጣ ሁሉንም ትነግረኛለህ።» እርግጥ ከታመመ፣ ከተጎዳ ወይም ሰው ካስፈራራው የሚደርስለት ወላጅ እንዳለው በማያሻማ ቃል ይወቅ። ይህ ከናፍቆት የተለየ ጉዳይ ነው፤ ልዩነቱንም የዐሥር ዓመት ልጅ በሚገባ ይረዳዋል።

ልምምዱ ከቤት ይጀምር። ከአያቱ ጋቢ ወጥቶ በአንድ ጊዜ ሠላሳ ልጅ በሚተኛበት አዳራሽ ተደራራቢ አልጋ ላይ መውጣት እጅግ ረጅም ዝላይ ነውና መሐሉን እንከፋፍለው። በግንቦት ወር እዚያው ክፍል ውስጥ በራሱ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይተኛ፤ ቀጥሎ ሌላ ክፍል። ሰኔ ላይ ፈተናው ካለቀ በኋላ ዘመድ ቤት ሁለት ሌሊት ይደር። ደብረ ሲና ወይም አዲስ አበባ አክስት ካለችው መልካም ነው፤ ወደ ደብረ ሲና ከሆነ የጣርማ በርን የመኪና መንገድ ዋሻ አልፎ ከደጋው ብርድ ወደ ሞቃቱ ቁልቁል መውረዱ ራሱ ለልጅ ትልቅ ጉዞ ነው። በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች በስልክ አያነጋግሩት። ሲመለስ ደግሞ «አለቀስክ ወይ?» ብለው አይጠይቁት፤ «ማታ ሲከብድህ ምን አደረግህ?» ይበሉት። የሚሰጠው መልስ፣ ግድግዳ ላይ ያሉትን ጥላዎች መቁጠርም ይሁን የአክስቱን ልጅ መቀስቀስ፣ ካምፕ ይዞት የሚሄደው ስንቅ ነውና አክብረው ይስሙት።

ባለቤትዎ ስላነሡት የቆሎ ተማሪ ጥቂት ልበል። እውነት ነው፣ በዚህ አገር ልጆች ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ እየለመኑ ተምረዋል። ይሁን እንጂ ታሪኩን የሚነግሩን የዘለቁት ናቸው፤ ከመንገድ የተመለሱትና የቀሩት ታሪክ አልነገሩም። የዘለቁትም ቢሆኑ ብቻቸውን አልነበሩም፤ የኔታ ነበሩላቸው፣ ጎጆ የሚጋሯቸውና ፊደል የሚያስቆጥሯቸው ታላላቅ ተማሪዎች ነበሩላቸው። ካምፑ ውስጥ የልጅዎ የኔታ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለባለቤትዎ ይስጧቸው፤ ካምፑን ደውለው የሚጠይቁት እርሳቸው ይሁኑ።

የሚጠይቁትም ይኸው፦ ሌሊት በመኝታ አዳራሹ የሚያድረው አዋቂ ማን ነው፣ ስንት ልጅ ይጠብቃል፣ ሽንት ቤቱ ከአዳራሹ ምን ያህል ይርቃል፣ መብራትስ አለው ወይ? ልጆቹ ሐይቅ ይወርዳሉ ወይ? የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ከዳር ጥቂት ራቅ ሲሉ ጥልቅ ናቸው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ደግሞ ዋና የሚማርበት አጋጣሚ እምብዛም ነው። መዋኘት እንደማይችል በጽሑፍ ይነገራቸው። ካምፑ የሚያልቀው ፍልሰታ ነሐሴ 1 ከገባ በኋላ ነውና ልጁ የሚጾም ከሆነ የጾም ምግብ መኖሩም ይጠየቅ፤ እኩዮቹ እየበሉ እርሱ ግራ ተጋብቶ የሚቆምባት የምሳ ሰዓት ናፍቆትን ትቀሰቅሳለች። ስለ ሰውነቱም በግልጽ ይነጋገሩ፦ በልብስ የሚሸፈነውን ገላውን ማንም ሊነካው እንደማይገባ፣ «ይህ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር» የሚል ትልቅ ሰው ካጋጠመው ያን ነገር መናገር እንዳለበት፣ በመናገሩም እንደማይቆጡት ይንገሩት። ካምፑ ለዚህ ሁሉ ጥያቄ ቅር ካለው ወይም ካድበሰበሰ፣ ያን ጊዜ «ይቅርበት» ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ አዎን ነው።

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። ዐሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች መካከል ከመቶ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑት አልጋ ላይ ይሸናሉ፤ ወንዶቹም ይበዛሉ። ስንፍናም ጥጋብም አይደለም። ሌሊት ኩላሊት የሚያመነጨውን የሽንት መጠን የሚቀንሰው ሆርሞን በአንዳንድ ልጅ ላይ ያንሳል፤ ፊኛ ሲሞላ የሚላከውም ምልክት ከእንቅልፉ አያነቃውም። በዘርም ይወረዳል። ባለቤትዎ በልጅነታቸው እንዲህ ነበሩ ወይ ብለው ቀስ ብለው ይጠይቋቸው፤ የእርሳቸው «አዎን» ለልጁ ከእኔ ምክር ሁሉ ይበልጥበታል። ሐምሌ ሳይገባ ሐኪም ይየው። በተለይ ቢያንስ ስድስት ወር ደርቆ ቆይቶ እንደገና የጀመረው ከሆነ፣ ውኃ የሚያበዛ፣ ሲሸና የሚያመው ወይም ሆድ ድርቀት ያለበት ከሆነ ምርመራው አይዘግይ። ለአጭር ጉዞ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒትም አለ፤ የሚታዘዝለት ከሆነ ግን አስቀድሞ ቤት ሳለ ይሞከር።

ከሐኪሙ ሌላ በቤት የሚሠራ አለ። ውኃውን ቀን በደንብ ይጠጣ፤ ከእራት ጋር የሚቀርብለት ሻይ ይቅር፤ ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ይሂድ። አንሶላ መቀየርንም ይለማመደው። አንድ ማታ እንደ ጨዋታ አድርገው መብራቱን ያጥፉና በባትሪ ብርሃን እርጥቡን አንሶላ አንሥቶ፣ ላስቲኩን በጨርቅ ጠርጎ፣ ደረቁን አንጥፎ፣ እርጥቡን በላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ ሻንጣው ሥር እስኪያኖር ድረስ አጠገቡ ይቁሙ፤ እጅዎን ግን አያስገቡ። ሦስት አራት ጊዜ ካደረገው ሌሊት ማንንም ሳይቀሰቅስ ይሠራዋል። ጥቁር ወይም ሰማያዊ የሌሊት ልብስ ይያዝለት፤ እርጥበት አያሳይምና። ከታችኛው አልጋ፣ ከበሩ አጠገብ እንዲመደብ አባቱ ለአንድ አስተባባሪ ብቻ ይንገሩ፤ የተነገረው ሰው ማን እንደሆነም ልጁ ይወቅ። ምስጢሩ ሳያውቀው ተላልፎ ቢያገኘው ከሽንቱ ይልቅ እርሱ ያሳፍረዋል።

እዚህ ላይ በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ነገር አቁሞኛል። «ለማንም ያልነገርኩት» ብለዋል፤ ልጁ ግን ከአያቱ ጋር በአንድ ጋቢ ውስጥ ነው የሚተኛው። እማማ አያውቁም ብለው ያምናሉ? በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሌሊት ጋቢው ሲርስ ቀድሞ የሚነቃው ማን ነው? ጋቢውን ማን በማለዳ እንደሚያጥበውና የት እንደሚሰጣ ጥቂት ቀን ልብ ብለው ይመልከቱ። እኔ እንደምገምተው አሮጊቷ የልጁን ገመና ለዓመታት ሸፍነው ኖረዋል፤ «ለማያውቁት አይነዳም» የሚሉትም ነፈዝነት ሳይሆን፣ በሠላሳ ልጅ መካከል ሲገለጥ እየታያቸው ይሆናል። የልጁን ውርደት የሚፈሩትን ሴት በክርክር ማሸነፍ አይቻልም፤ ደግሞም አያስፈልግም። ቡና አፍልተው ብቻቸውን ያነጋግሯቸው፤ እንደሚያውቁ ያወቁ መሆንዎን ይንገሯቸውና ምክር ይጠይቁ። ልጁ ከመሽናቱ በፊት እንደሚገላበጥ፣ በየትኛው ሰዓት ቢቀሰቀስ እንደሚደርቅ፣ ሲነሣ የሚያባብለው ቃል የቱ እንደሆነ ከእርሳቸው በቀር በቤቱ የሚያውቅ የለም፤ አስተባባሪው የሚነገረውም ይኸው እውቀት ነው።

ጋቢውን ይዞ ይሂድ አይሂድ የሚለውን ልጁ ይወስን። ቢሾፍቱ ከደብረ ብርሃን ይልቅ ሞቃት ናትና ለብርድ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን አያቱ ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው ትራስ ልብሱ ውስጥ የሚሰፉለት ቁራጭ ማንም የማያየው ጓደኛ ይሆነዋል። የመሸኛ ምርቃቱንም እርሳቸው ይስጡት፣ በፊቱም እንዳያለቅሱ ቃል ያስገቧቸው። ሐምሌ 20 ማታ እማማም ለዐሥራ አራት ሌሊት ከልጁ ተለይተው መተኛት ይጀምራሉ፤ ለዚያች ሌሊት አብራቸው የምታድር ሰው ከወዲሁ ይፈልጉላቸው።