ጅቡቲ ለሚሄዱ፦ ጧት ይውጡ፣ ቀትር ላይ ይረፉ

ጥር ሲቃረብ ስለ ጅቡቲ ከተማ የሚጠይቁን አንባብያን ይበዛሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ከተማዋን ሰው በእግሩ ሊዞርባት የሚችልበት ወቅት ነው። ከተላኩልን መካከል ብዙዎችን ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በባቡር ሄደን አምስት ቀን ልንቆይ አስበናል። ከመነሣታችን በፊት ምን እናሰናዳ? ጣቢያው ከከተማው ይርቃል ወይ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድማችሁ የቢጫ ወባ ክትባት ተከተቡ። ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ከእኛ ዘንድ የሚገባ መንገደኛ ዓለም አቀፉን የክትባት ካርድ እንዲያሳይ ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በጉዞው ዋዜማ የተከተበ ሰው ካርድ በእጁ ይዞም እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ድሮ ተከትባችሁ ካርዳችሁ ላይ የተጻፈው የ10 ዓመት ጊዜ ካለፈ ግን ሌላ መርፌ አያስፈልግም፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንዱ ክትባት ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተወስኗል።

ቪዛውን በኢንተርኔት ከጉዞው በፊት ጨርሱና በወረቀት አትሙት። በስልክ ላይ ያለ ምስል ባትሪ ሲያልቅ ምንም አይሠራም። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን።

ስለ ባቡሩ፦ አዲሱ መስመር ከአዲስ አበባው ፉሪ ለቡ እስከ ጅቡቲው ጣቢያ ናጋድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአዳማው ጣቢያም እንደ ሌሎቹ አዳዲስ ጣቢያዎች ከከተማው ወጣ ያለ ነውና ለባጃጅ ወይም ለታክሲ ጊዜ ያዙ። የመንገደኛ ባቡር በየቀኑ አይነሣም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሄድበትን ቀን ከጣቢያው አረጋግጡ፣ ሆቴሉን የምትይዙት ከዚያ በኋላ ነው። ጉዞው ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ ሲገቡ ወይም ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ደግሞ ይረዝማል። ለሁለት ሰው ቢያንስ አራት ሊትር ውሃና የማይበላሽ ስንቅ ያዙ፤ ቆሎና ዳቦ ከበቂ በላይ ነው። በደረሳችሁበት ማታ የጀልባም ሆነ የሰው ቀጠሮ አትያዙ።

ናጋድ ከከተማው ውጭ ነው። ባቡሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ጨለማ ላይ በመሆኑ ታክሲዎች ዋጋቸውን ሰማይ ይሰቅሉታል። የሆቴላችሁን ስምና ሰፈር በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ያዙ፤ በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ ሌላ መንገደኛ ካገኛችሁ ሒሳቡን ተካፈሉ። ማታ መግባት ካልወደዳችሁ ድሬዳዋ አድራችሁ በማግስቱ በደወሌ በኩል በመኪና መሻገር ወይም በአውሮፕላን መሄድ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጅቡቲና የኢትዮጵያ ሰዓት ልዩነት የለውም፣ አቆጣጠሩ ግን ይለያል። እዚያ የሚጻፈውም የሚነገረውም ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረው አቆጣጠር ነው። የጀልባ ወረቀት ላይ 07:00 ከተባለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው እንጂ ከቀኑ 7 ሰዓት አይደለም። በአማርኛ ከሚነጋገር ሹፌር ጋር ስትስማሙም «በእኛ ነው በእነሱ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለሥራ ሦስት ቀን እሄዳለሁ። ገንዘብ የት ልመንዝር? ታክሲ እንዳያታልለኝስ? ሱቁ ሁሉ ቀትር ላይ ይዘጋል የሚባለውስ እውነት ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ የጉዞ ዕቅድዎም መነሻ ይኸው መሆን አለበት። ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ሱቆችና መሥሪያ ቤቶች መዝጋት ይጀምራሉ። ከእናንተ አካባቢ የሚወጣው ጫት 7 ሰዓት ገደማ ከተማው ሲገባ ጎዳናው ለጥቂት ደቂቃ ይሟሟቃል፣ ከዚያ ጭር ይላል። እንቅስቃሴው የሚመለሰው 10 ሰዓት ላይ ሲሆን እስከ ማታ ይዘልቃል። ስለዚህ የቢሮ ጉዳይዎን ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ይጨርሱ፤ ገበያውን ለማታ ይተዉት። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው፤ ሐሙስ ያላለቀ ጉዳይ እስኪከፈት ይጠብቃል። በረመዳን ደግሞ ምግብ ቤቱም ቀኑን ሙሉ ይዘጋል፣ ቀኑ ከዚያ ጋር ከገጠመ የቀን ምሳዎን ሆቴልዎ ውስጥ ያስቡ።

ገንዘቡ የጅቡቲ ፍራንክ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ሆኖ ተተክሏል፤ በየቀኑ ስለማይዋዥቅ የሒሳቡ ነገር ቀላል ነው። 1,000 ፍራንክ ሲባሉ አምስት ዶላር ተኩል አልፎ ትንሽ ብለው ያስቡ፣ 10,000 ሲባሉ 56 ዶላር። በማዕከሉ አደባባዮች ዳር ቦርሳቸውን አቅፈው የተቀመጡ ገንዘብ መንዛሪ ሴቶች ያያሉ። ዋጋቸው ከባንኩ ብዙ አይርቅም፤ ባንክ በሚዘጋበት ሰዓት የሚገኙትም እነሱ ናቸው። ዶላርዎ ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበትና አዲስ ኅትመት ይሁን። ፍራንኩን ዘወር ሳይሉ እዚያው ፊታቸው ይቁጠሩ። በካርድ መክፈል የሚሆነው በትልልቅ ሆቴሎችና በጥቂት መደብሮች ነው።

አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸው ታክሲዎች ቆጣሪ የላቸውም። በሩን ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ነገር ይስማሙ፦ ዋጋውን፣ ዋጋው ለመኪናው ይሁን በሰው፣ መልሶ የሚያመጣዎት ከሆነ የመጠበቂያው ሒሳብ እንዳለበት። ከመሸ በኋላ ዋጋ ይጨምራል፤ ያ ማታለል አይደለም፣ የከተማው ልማድ ነው። ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዝርዝር ገንዘብ ነው። የ10,000 ኖት ሰጥተው መልስ የለኝም ከሚባሉ፣ የ1,000 ኖትና የ500 ሳንቲም ለይተው በኪስዎ ይያዙ። ወደ ባልባላና ወደ ውጭ ሰፈሮች ሚኒባስ አለ፤ በሳንቲም ይሄዳሉ፣ ረዳቱ የሚጮኸውን የሰፈር ስም ማዳመጥ ብቻ ነው።

ማዕከሉ ግን መኪና አይፈልግም። የድሮው ምኒልክ አደባባይ ዛሬ የሰኔው ነፃነት ቀን ስም ተሰጥቶታል፣ 27 ጁን 1977 ይባላል፤ ሰው ግን አሁንም «ምኒልክ» ሲለው ይሰማሉ። ከዚያ በእግር ጥቂት ሲሄዱ ማሕሙድ ሐርቢ አደባባይና የሐሙዲ መስጊድ ይገኛሉ። ገበያውና የሚኒባሱ መነሻ እዚያው አጠገብ ስለሆነ መንገድ ሲጠፋዎት የመስጊዱን ሚናራ ይፈልጉ። ቋንቋ ብዙ አያስቸግርም። ሶማሊኛ የሚያውቅ ድሬዳዌ ከማንም በላይ ይቀናዋል፤ አማርኛም በገበያውና በምግብ ቤቱ ሰሚ አያጣም።

ጥያቄ፦ ከሁለት ልጆቻችን (11 እና 14 ዓመት) ጋር አዲስ አበባ ቤተሰብ ከጠየቅን በኋላ ለአራት ቀን ጅቡቲ እንሻገራለን። ግዙፉን ዓሣና የጨው ሐይቁን ማየት ይፈልጋሉ። ይቻላል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን አስቀድሞ ወረቀቱን። በአሜሪካ ፓስፖርት ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ በተሰጠ የኢትዮጵያ ቪዛ ከገባችሁ፣ ወደ ጅቡቲ ስትወጡ ቪዛው ያበቃል፤ ተመልሳችሁ ቦሌ ስትደርሱ ሌላ ያስፈልጋል። ለብዙ ጊዜ መግቢያ የሚሆነውን ጠይቁ፤ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ያለው ግን ይህ አያስጨንቀውም። የቢጫ ወባው ካርድ ለልጆቹም ነው።

ዓሣው ዌል ሻርክ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚበላው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ በአርታ ዳርቻ ከኅዳር እስከ ጥር ይመጣል። አብዛኞቹ ገና ያላደጉ፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚሆኑ ናቸው። ጀልባ ስትከራዩ ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን ሳትሳፈሩ እዩ፤ የአዋቂ ሰደርያ ልጁ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ ላይ ተንሸራቶ ፊቱን ይሸፍናል። የውሃ መነጽሩን ዳርቻው ላይ ሞክሩት፤ ሳይታሰር ፊት ላይ ተጭኖ በአፍንጫ አየር ሲሳብ ካልተጣበቀ ውሃ ያስገባል። ከዓሣው ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ፣ አትንኩት፣ ከፊቱም አትግቡ። ጅራቱ ከሚያስቡት በላይ ኃይለኛ ነው። ጠዋት ባሕሩ ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ጀልባው መናጥ ይጀምራል። የሚያጥወለውለው ልጅ መድኃኒቱን ከመሳፈሩ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጥ፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይሠራም።

አሳል ሐይቅ ሌላ ቀን ይሁን። ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ የመጀመሪያውን ግማሽ ከኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ጋር የምትጋፉበት ስለሆነ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሡ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። የባሕሩ ውሃ በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ዐለት ሥር እየሰረገ ይገባል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨው ብቻ ይቀራል። ጨዋማነቱ የባሕር ውሃን አሥር እጥፍ ያህል ነው። ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ፦ የጨው ቅርፊቱ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ከሥሩ ወፍራም የሆነ ጫማ አድርጋችሁ ግቡ። ቁስል ያለበት ወይም በዋዜማው ፂሙን የተላጨ ሰው ይንገበገባል። ልጆቹ ውሃ እንዳይረጫጩ ንገሯቸው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውሃ ቶሎ መታጠብ አለበት። ለመጠጥ በሰው ሦስት ሊትር፣ ለመታጠቢያ ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ጫኑ። ጥላ የሚባል ነገር የለም።

አራተኛ ቀን ከተረፋችሁ ሌስካል ከሚባለው የከተማው የጀልባ መነሻ ሙሻ ደሴት ሂዱ። ዓርብ ይጨናነቃል፣ ሌላ ቀን ምረጡ። ደሴቱ ላይ የሚጠጣ ውሃ የለም። ለጀልባው ግማሹን ሂሳብ ሲነሣ፣ ግማሹን ሲመልሳችሁ ክፈሉ። አቤ ሐይቅን ግን ለዚህ ጉዞ አታስቡት። አዋሽ ወንዝ የሚያልቅበትን ያን ሐይቅና የኖራ ዐለት ማማዎቹን ማየት ዳገት የማይፈራ መኪናና በዚያ ማደርን ይጠይቃል፤ ከአራት ቀን ሁለቱን ይወስድባችኋል።

ጥያቄ፦ ሲየስታ የተባለው ዳርቻ ለመዋኘት ይሆናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለመንሸራሸር እንጂ ለመዋኘት አይሆንም። ባሕሩ ሲሸሽ ርቆ ይሄድና ጭቃ ብቻ ይቀራል፤ ሲሞላም የከተማ ዳር ውሃ ነው። ለመዋኘት ከከተማው ወደ ምዕራብ ያለው ኾር አምባዶ ይሻላል። ታክሲው እንዲጠብቃችሁ ተስማሙ፤ ከዚያ የሚመልስ መኪና በቀላሉ አይገኝም።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፣ የደም ግፊት አለባቸው። ልጃቸውን ለመጠየቅ በሰኔ ይሂዱ ወይስ ይቆዩ? (ከደሴ)

መልስ፦ ይቆዩ። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኻምሲን የሚባለው የበረሃ ነፋስም አቧራ ይዞ ይመጣል። መሄዳቸው ግድ ከሆነ ማቀዝቀዣ ያለበት ቤት ይረፉ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አይውጡ። ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በእንዲህ ያለ ሙቀት መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላልና ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይነሡ።

ጥያቄ፦ የወደቡን መርከቦች ፎቶ ማንሣት ይከለከላል? ደግሞስ ምን ይበላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይከለከላል። ወደቡን፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን፣ ድልድይንና የመንግሥት ሕንፃን አታንሡ። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ወታደሮች የሰፈሩበት አገር ነው፤ ጥበቃው ቀልድ አያውቅም። በገበያም ሰውን፣ በተለይ ጫት ሻጮቹን ሴቶች፣ ሳያስፈቅዱ ካሜራ አይቅረብ።

ምግቡ ላይ ግን ማንም አይከለክላችሁም። የየመን ዓሣ ቤት ገብታችሁ ዓሣውን ራሳችሁ ምረጡ፤ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን። በጀርባው ተሰንጥቆ በርበሬ ተቀብቶ በሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል፣ ከሰፊ ቂጣ ጋር ይቀርባል። አንድ ትልቅ ዓሣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ዋጋውን ምድጃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጠይቁ። በመጨረሻም ሙክባዛ እዘዙ፤ ቂጣው ተፈርፍሮ ከማር ወይም ከሙዝ ጋር የሚታሽበት ነው፣ እንደ እኛው ጨጨብሳ በትኩሱ ይበላል።