የዝንቧ ጆሮና የልጅዎ መስማት

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ከሁለት ወር በፊት የማጅራት ገትር ታሞ ዳነልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስጠራው አይዞርም። ወንድሜ ከዝንብ ጆሮ ተቀድቶ ስለሚሠራና ሙሉ በሙሉ በሰውነት ውስጥ ስለሚቀበር መስሚያ አንብቦ ነገረኝ። ከውጭ የሚንጠለጠል መሣሪያ ልጄን እንዳያሳቅቀው እፈራለሁና ይኸኛው እስኪመጣ ብንጠብቅስ?
እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እንኳን ልጅዎን አተረፈልዎ። ወንድምዎ ያነበቡት ምርምር በእርግጥ አለ፤ መጠበቁን ግን በፍጹም አልመክርዎትም።

ዝንቧ ኦርሚያ ኦክራሲያ ትባላለች። ሴቷ እጮቿን የምታኖርበትን ፌንጣ መሰል ነፍሳት የምታገኘው ሌሊት የሚያሰማውን ጩኸት ተከትላ ነው። ሁለቱ ጆሮዎቿ በግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚራራቁ ድምፁ አንዱን ከሌላው የሚቀድመው ቢበዛ በ1.5 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ነው። ሆኖም ማይልስ፣ ሮበርትና ሆይ በ1995 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ የጆሮዎቿን ታምቡሮች የሚያያይዘው ጠንካራ ድልድይ እንደ ነጋዴ ሚዛን አንዱ ዝቅ ሲል ሌላውን ከፍ እያደረገ ልዩነቱን ወደ 50 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያሰፋዋል። መሐንዲሶችም በዚህ አምሳያ የድምፁን አቅጣጫ የሚለዩ ደቃቅ ማይክሮፎኖችን ሠርተዋል። ሌሎች ደግሞ ኮክሊያን፣ ማለትም የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስለውን የውስጥ ጆሮ፣ አብነት አድርገው የተለያየ ርዝመት ያላቸው ስስ ዘንጎችን ይደረድራሉ፤ የዋሽንት ነፊ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ሲደፍን ድምፁ እንደሚወፍር ሁሉ፣ ረጅሙ ዘንግ ለወፍራም፣ አጭሩ ለቀጭን ድምፅ ይርገበገባል።

ከባዱ ነገር መቅበሩ ነው። ዛሬ በሚተከለው የኮክሊያ መሣሪያ ኤሌክትሮዶቹ፣ ማለትም የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቁት ስስ ሽቦዎች፣ ውስጥ ሲሆኑ ማይክሮፎኑ ውጭ የሚቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቆዳ ሥር የገባ ማይክሮፎን የውጩን ድምፅ በታፈነ መልኩ፣ የማኘክንና የሰውነትን እንቅስቃሴ ግን አጉልቶ ይሰማል። ስለዚህ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው፣ ሲታጠፍ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ስስ ንጣፍ ከታምቡሩ ጋር የተያያዘውን የመጀመሪያ የጆሮ አጥንት እንዲነካ አድርገው፣ ከሞቱ ሰዎች በተወሰደ የጆሮ አጥንት ላይ ሞክረውታል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን በሕይወት ባለ ሰው ላይ ያልተተከለ ነገር ለልጅዎ ቀጠሮ ሊሆን አይችልም።

የሚያሳስበኝም ይኸው ጊዜ ነው። የማጅራት ገትር የመስሚያ ሕዋሳትን ሲያጠፋ ኮክሊያው ራሱ ቀስ በቀስ በአጥንት ሊደፈን ይችላል፤ ይህም በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ከተደፈነ በኋላ ኤሌክትሮድ ማስገባት እጅግ ይከብዳል። የሚሳቀቅበት መሣሪያ ይሻሻላል፤ የውጩ ክፍል በኋላ ያለ ቀዶ ሕክምና በአዲስ ሊተካ ይችላል፤ የተደፈነ ኮክሊያ ግን ተመልሶ እንደነበረው አይከፈትም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ልጅዎን ይዘው ደሴ ውጡና የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም አግኝተው የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቁ፤ ማጅራት ገትር ታሞ እንደነበረ አስቀድመው ይንገሩ። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠዎትን ወረቀትና የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርም ይያዙ፤ እንደ ጀንታማይሲን ያሉትም ጆሮን ሊጎዱ ስለሚችሉ ሐኪሙ ማወቅ ይኖርበታል።