ቁጣው ሳይወጣ ምልክቱን ማየት

ሰላም ለአምዱ አዘጋጆች፣

የሒሳብ ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቁርስ እያቀረብኩ የስልክ መልእክት እመልሳለሁ፤ ታክሲ ውስጥ የነገው ሥራ ያሳስበኛል። ማታ ልጆቼ ትንሽ ሲንጫጩ እጮኽባቸዋለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ደክሞኛል» ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። ሁሉም ሰው ረጋ በይ ይለኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ለመቀመጥ ሞከርኩ፤ ሐሳቤ ይበልጥ ተበታተነብኝና ተውኩት። እንዴት ነው ረጋ የሚባለው?

ወ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ ጠያቂያችን፣

ሐሳብዎ የተበታተነው ስላልቻሉበት አይደለም። ቀድሞም እንደዚያው ነበር፤ ሥራውና ስልኩ ሸፍነውት ነው። ልምምዱ ሐሳብን ማጥፋት አይደለም፤ ሐሳብ መሄዱን አውቆ መመለስ ነው። አሥር ጊዜ ሄዶ አሥር ጊዜ ከመለሱት በደንብ ተለማምደዋል።

ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው፣ ውጥረትን በማስተዋል ልምምድ የማርገብ የ8 ሳምንት ሥልጠና አንዲት ዘቢብ በዝግታ በመብላት ይታወቃል። ለእርስዎ ቆሎ ይበቃል። አንዲት ፍሬ ያንሡ፤ ይዩዋት፣ ያሽትቷት፣ ሳያኝኩ ምላስዎ ላይ ያቆዩዋት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ያኝኩ። ገና ሳይውጡ እጅዎ ወደ ሁለተኛዋ ሲሄድ ያስተውሉ ይሆናል። ዋናው ነገር ይህን ግፊት ማየት ነው። ማታ የሚያስጮኽዎ ግፊትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሚለየው ፍጥነቱ ነው።

ለማታው ደግሞ ከቤትዎ በር ውጭ ይቁሙ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። እግርዎ መሬቱን ሲረግጥ ይሰማዎት። እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ ይህን 10 ጊዜ ይድገሙት፣ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ስለሚል ነው ማስወጫው የሚረዝመው። ካዞረዎት በኃይል እየተነፈሱ ነውና መቁጠሩን ይተዉት።

ከዚያ መንጋጋዎን፣ ትከሻዎን፣ ሆድዎን በየተራ ያዳምጡ። ቁጣ ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ጊዜ እዚያ ይጀምራል። «ደክሞኛል» ብዙ ነገር ይደብቃል፦ ረኀብ፣ ሥጋት፣ ቅሬታ፣ ሰሚ ማጣት። ያገኙትን በስሙ ይጥሩት፤ «ሥጋት ነው፣ ደረቴ ላይ ነው» ይበሉ። ረኀብ ከሆነ መጀመሪያ ይብሉ፤ ልጆቹን መገሠጽ ይደርሳል።

ከመተኛትዎ በፊት ሦስት መስመር ይጻፉ፦ ምን ሆነ፣ ሰውነቴ የት ላይ ተሰማኝ፣ ምን ፈልጌ ነበር። «ለምን እንዲህ ሆንኩ» ብለው አይጻፉ፤ ይህ ጥያቄ ቶሎ ወደ ራስን መውቀስ ይዞራል፣ ወቀሳ ደግሞ ማየትን ይጋርዳል። በሁለተኛው ሳምንት መልሰው ሲያነቡት የሚደጋገም ሰዓት ወይም ሰው ሊያገኙ ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ በሦስተኛው ሲተወው፣ ወይም ልምምዱን ለተናደደበት ቀን ብቻ ሲያስቀምጠው ነው። ደህና በዋሉበት ቀንም በሩ ላይ ይቁሙ፤ ሰውነት መንገዱን የሚለምደው ያኔ ነው።

ዓይን መጨፈን ፍርሃት ወይም ክፉ ትዝታ ካመጣብዎ ገልጠው ይለማመዱ። እንቅልፍ ማጣት ወይም ሐዘን ካለብዎና ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም እጅዎ በልጆቹ ላይ ከተነሣ፣ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ሄደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።