የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

የምዝገባ ሰሞን ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚመጣው ጥያቄ በዝቷል። በአንዱ አንደኛ ደረጃ ረጅም ዘመን አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እኔ ራሴ ኦርቶዶክስ ነኝ። የተደጋገሙትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ትምህርት ቤቶች አገራችን የገቡት መቼ ነው? በጃንሆይ ዘመን አይደለም እንዴ?

ዛሬ በስም የምናውቃቸው ግቢዎች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ናቸው። ሥራው ግን ከዚያ በፊት ነው የተጀመረው። በ1600ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነው ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ዓድዋ አጠገብ ፍሬሞና ላይ ልጆች ያስተምር ነበር። ያ ጅምር በሱስንዮስ ዘመን ጠብ ተበላሸ፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ጅምር እ.ኤ.አ. በ1839 የመጡት ጣሊያናዊው ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ናቸው፤ የአገሬው ሰው አቡነ ያዕቆብ ይላቸዋል። አመጣጣቸው ለየት ይላል። ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ ተማሩ። እንደ አገሬው ካህን ለበሱ። የላቲኑን ሥርዓት ከማምጣት ይልቅ በግዕዙ ሥርዓት ቀደሱ። በአጋሜ፣ በአዲግራት አካባቢ የካህናት ትምህርት ቤት ከፈቱ። አጠገባቸው የነበሩት ትልቁ ሊቅ ደግሞ ጎጃሜው አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። መጻሕፍቱን አብረዋቸው አዘጋጁ፤ በኋላም በእምነታቸው ምክንያት ታስረው እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ ሞቱ። የዚህን አገር የካቶሊክ ትምህርት ስናነሳ ኢትዮጵያዊው መምህር ገና ከመነሻው እንደነበረበት አንርሳ። ሁሉን ነገር ፈረንጅ ያመጣው አድርጎ ማውራት ልክ አይደለም።

በሸዋና በኦሮሞ አገር በኩል ደግሞ ካፑቺን ከሚባለው የመነኮሳት ማኅበር የሆኑት አባ ማስያስ ነበሩ። የፈንጣጣ ክትባት ስለሚሰጡ ሕዝቡ «አባ ፈንጣጣ» አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1867 ፓሪስ ላይ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አሳትመዋል። ሊያስተምሩት የመጡትን ሰው ቋንቋ መጀመሪያ ራሳቸው ተማሩ ማለት ነው።

ከዚያ ሐረር አለች። ፈረንሳዊው ጳጳስ አባ እንድርያስ ዣሮሶ እዚያ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ከሚስዮኑ የወጡት ኢትዮጵያዊው አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ወጣቱን ተፈሪ መኰንንን ፈረንሳይኛ ካስተማሩት አንዱ ናቸው። በ1907 ዓ.ም. ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥማ ሲሞቱ ተፈሪም አብረው ነበሩ፤ እሳቸው ተረፉ። ስለ አባ ሳሙኤል ደግነትና ትሕትና ንጉሡ በሕይወት ታሪካቸው ላይ ጽፈዋል። የዚህ ሰው ስም እንዲህ መረሳቱ ያሳዝነኛል።

በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የደ ላ ሳል ወንድሞች («ብራዘር» የምንላቸው)፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ መቀሌ ላይ ሳሌዥያን የሚባሉት የዶን ቦስኮ ማኅበር አባላት መጡ፤ ስለ ሁለቱም ከታች አለ። በዚያው ሰሞን ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወደ ሕዝብ ይዞታ የሚያዛውር አዋጅ አወጣ። ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ የዚያን ጊዜውን ጭንቀት ከእኔ ይልቅ እነሱ ይነግሯችኋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦርቶዶክስ ነው። በየዋህነቱ ሃይማኖቱን ያስቀይሩብኛል ብዬ እፈራለሁ። ተሳስቼ ይሆን?

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በአዋጅ ለመጫን ሞክረው አገር ደም ተፋሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥርጣሬ ከዚያ ይነሳል። ካቶሊኮቹም ይህን ያውቁታል፤ እኔ አብሬያቸው የሠራኋቸው ሰዎች ታሪኩን ሸፋፍነው ሲያልፉት አላየሁም።

ግን የኋላውንም እይው። እ.ኤ.አ. በ1945 ጃንሆይ ካናዳውያን ኢየሱሳውያንን ጠርተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ አደረጉ። አለቃቸው አባ ሉሲየን ማት በኋላ በ1950 የተከፈተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም መሠረቱ። የተስማሙበት ነገር ግልጽ ነበር፦ የካህን ልብስ አይለበስም፣ ስብከት የለም፣ ሥራቸው ማስተማር ብቻ። በዚህ ቃል ገብተው ትውልድ አስተማሩ።

ዛሬ ደግሞ ሕግ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መሰጠት አለበት ይላል። መደበኛው ክፍለ ጊዜ የመንግሥት ካሪኩለም ነው። የሚሰጠው ግብረ ገብ ነው፤ የካቶሊክ ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ ከዚያ ውጭ፣ በራሳቸው ሰዓት ነው። ልጅሽ መስቀል ያያል፣ የማርያም ሐውልት ያያል፣ ሲስተሮቹን ያያል። ጾሙንም እንደ ጾመ ይመለሳል። እኔ ባለሁበት ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ነበሩ፤ ሃይማኖቱን የለወጠ ልጅ አላስታውስም።

ጥያቄ፦ የሙስሊም ልጅ ይቀበላሉ ወይ?

አዎ፣ ከጥንትም። ስለ ምግብና ስለ ጁምዓ ከምዝገባው በፊት ዩኒት ሊደሩን አነጋግሩ። ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አይደለም።

ጥያቄ፦ ካቶሊክ ማለት የጣሊያን ወረራ ደጋፊ አልነበረም? አያቴ ስሙን መስማት አይወዱም።

የአያትዎን ስሜት አክብሩት። በወረራው ጊዜ ጣሊያን ውስጥ ወታደሩን የባረኩና ዘመቻውን ያወደሱ ጳጳሳት ነበሩ፤ ይህ የማይካድ ነው። እዚህ የነበሩት ግን ሁሉም አንድ አልነበሩም። ከላይ ያነሳኋቸውን አባ እንድርያስ ዣሮሶን ፋሺስቶቹ ራሳቸው ናቸው እ.ኤ.አ. በ1938 ከሐረር ያስወጧቸው። ሽማግሌ ነበሩ። አገራቸው ገብተው በ1941 ቱሉዝ ላይ ሞቱ። ሐረርን ዳግም አላዩዋትም።

ጥያቄ፦ «ብራዘር» የሚባሉት ቄሶች ናቸው?

አይደሉም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ዮሐንስ መጥምቅ ደ ላ ሳል የሚባል ፈረንሳዊ ካህን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1651 ሬምስ ተወልዶ በ1719 የሞተ። የሀብታም ልጅ ነው። በ1680 ገደማ ድሃ አስተማሪዎችን ሰብስቦ አብሯቸው መኖር ጀመረ፤ ዘመድ አዝማዱ ተቆጣ። በ1683 እና 84 ረሃብ ሲገባ ውርሱን ለተራቡት አከፋፈለው። የመሠረተው ማኅበር አባላት፣ ማለትም ብራዘሮቹ፣ ቄስ እንዳይሆኑ ወሰነ፤ ሙሉ ሥራቸው ክፍል ውስጥ እንዲሆን ፈልጎ ነው። ያኔ ልጅ ንባብ የሚጀምረው በላቲን ነበር፤ እሱ በራሳቸው ቋንቋ በፈረንሳይኛ አስጀመረ። አንድ በአንድ እየጠሩ ማስተማርን ትቶ ልጆቹን በየደረጃቸው በአንድ ክፍል አስቀመጠ። ያውም በነፃ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1950 የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ብላ ሰይማዋለች።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛቸው ጎበዝ ነው ይባላል። ልጄን ለዚያ ብዬ ላስገባው?

ለዚያ ብቻ ከሆነ አይመከርም። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ የማየው ትልቁ ችግር አማርኛ በቅጡ ሳያነብ እንግሊዝኛ የሚያነበንብ ልጅ ነው። ፊደሉን ሲለይ፣ ያነበበውን በራሱ አፍ ሲተርክ፣ እንግሊዝኛው ይከተላል። ደ ላ ሳል ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የገባው ነገር ዛሬ ለኛ ለወላጆች መክበዱ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ የወንድ ብቻና የሴት ብቻ ለምን ሆነ?

በመሥራቾቹ ምክንያት ነው። ወንድሞች ወንዶችን፣ ሲስተሮች ሴቶችን ያስተምሩ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ዮሴፍ የወንዶች፣ ናዝሬት የሴቶች ሆነው የታወቁት በዚህ ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ቅልቅል ናቸው።

ጥያቄ፦ «እሴት፣ እሴት» ይላሉ። በተግባር ምንድን ነው? ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው ወይስ ሌላ?

ይህን የጠየቅከኝ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ነው ያነሳኸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ተወው። የምታውቀው ድሃው ልጅ በዚያ ግቢ እንዴት እንደሚውል ስታይ ነው።

ያየሁትን ልንገርህ። የክፍያ ቀን ያለፈበት ልጅ ስም ሰልፍ ላይ አይጠራም፤ ወላጅ ተጠርቶ ቢሮ ውስጥ ነው የሚነገረው። አንዲት ሲስተር ነበሩን፣ ምሳ ሰዓት ላይ በየወንበሩ መሃል ይዞራሉ። የሚዞሩት ለጸጥታ ይመስላል። ዓይናቸው ግን ምሳ ዕቃው ላይ ነው። ክዳኑን በከፊል ብቻ ከፍቶ በእጁ ሸፍኖ የሚበላ ልጅ ካዩ ያልፉታል፣ ምንም አይሉም። ትንሽ ቆይተው «ና እስቲ፣ ይቺን ደብተር ስታፍ ድረስልኝ» ይሉታል። ስታፍ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ዳቦና ሙዝ አለ። ልጁ ደብተር አድርሶ፣ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ ይመለሳል። ጓደኞቹ ተላከ ነው የሚሉት። አዲስ መምህር ሲቀጠር ሌላው ሁሉ ቆይቶ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነበር፤ እርዳታ በልጅ ፊት አይሰጥም።

ይህ የአንዲት ደግ ሴት ጠባይ ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1965 የካቶሊክ ጳጳሳት የቫቲካን ጉባኤ ስለ ትምህርት ባወጣው ሰነድ ላይ የካቶሊክ ትምህርት ቤት በተለይ ለድሆች፣ የቤተሰብ ፍቅር ለጎደላቸውና እምነቱን ለማይጋሩት እንዲያስብ ታዟል። በእኔ ግምት ትምህርት ቤቱ የሚመዘነው በዚህች አንቀጽ ነው። አንደኛ የወጣውን ልጅ ማንም ትምህርት ቤት ያቅፈዋል።

ጥያቄ፦ ድሮ በአርጩሜ ይገርፉን ነበር። አሁንም ነው?

ድሮ ነበር፤ በሚስዮኑም በመንግሥቱም። ዛሬ ክልክል ነው። የሚገርመው የዶን ቦስኮ ትምህርት ገና ከመነሻው ግርፋትን አይቀበልም። ዶን ቦስኮ ጣሊያን አገር ቱሪን ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 1888 የመንገድ ልጆችን ያስተማረ ካህን ነው። ሦስት ነገር ይዞ ነበር፦ ለልጅ ምክንያቱን ማስረዳት፣ እምነት፣ ፍቅር። መምህሩ በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ከልጆቹ ጋር ይሁን፣ ጥፋት ከመድረሱ በፊት ይገኝ ይል ነበር። የእረፍት ሰዓት መምህራኑ ስታፍ ገብተው ሻይ ብቻ የሚጠጡበትን ትምህርት ቤት እኔ የዶን ቦስኮ አልለውም፣ ስሙ ቢሆንም።

ጥያቄ፦ ለድሃ የተመሠረተ ከሆነ ይህ ሁሉ ክፍያ ምንድን ነው?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ እኔንም ያሳስበኛል። ድሮ ከውጭ ይመጣ የነበረው ገንዘብ ቀንሷል፣ የመምህር ደመወዝ ከክፍያ ነው የሚወጣው። ይህ እውነት ነው። ግን ክፍያ በጨመረ ቁጥር መጀመሪያ ልጁን የሚያወጣው ጥበቃው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ የቀን ሠራተኛው ነው። በገጠር ያሉት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ዛሬም በትንሽ ክፍያ ነው የሚሠሩት። ትልልቆቹ የከተማ ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ የነፃ ቦታ ካልጠበቁ ስሙ ብቻ ነው የሚቀራቸው። ይህን ኮሚቴ ላይ ተናግሬአለሁ፣ እዚህም እደግመዋለሁ።

ጥያቄ፦ በሚኒስትሪ ፈተና የሚያልፉት ለምንድን ነው?

መምህር ሳይለዋወጥ ስለሚቆይ፣ ደብተር በየቀኑ ስለሚታረም፣ የቀረ ልጅ በዚያው ቀን ስለሚጠየቅ። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ልጁን ቤት የሚያስጠና ወላጅ ያለው ቤተሰብ ነው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን አካባቢ ነኝ። ልጆቼን እዚህ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ላስገባ ነው፤ እንደ አገር ቤቱ ነው?

አይደለም፣ አንድ ትልቅ ልዩነት አለው። እዚያ ሃይማኖት እንደ ሒሳብ መደበኛ ትምህርት ነው፣ ልጆቹም ቅዳሴ ላይ አብረው ይቀመጣሉ። አመጣጡም ሌላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ኤልሳቤጥ ሲተን እ.ኤ.አ. በ1810 ለድሃ ሴት ልጆች ነፃ ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1884 ደግሞ የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት የባልቲሞር ጉባኤ እያንዳንዱ ደብር ትምህርት ቤት እንዲኖረው አዘዘ፤ ስደተኛው የአየርላንድና የጣሊያን ልጅ እምነቱን እንዳይለቅ ነበር ሐሳቡ። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ልጆችዎ ቅዳሴ ላይ እንደማይቆርቡ፣ የጾም ጊዜያቸውም የተለየ እንደሆነ ለዳይሬክተሯ ይንገሯት። እሁድ እሁድ የራስዎ ደብር አማርኛና ግዕዝ የሚያስተምር ካለ አያቋርጡባቸው።

ጥያቄ፦ ለኬጂ ምዝገባ ሌሊት መሰለፍ አለብን?

በአንዳንዶቹ ዕጣ ነው። ደላላ «አስገባልሃለሁ» ካለህ አትመነው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱን ሄጄ ስጎበኝ ምን ልይ?

ቢሮው ያሳምራል፣ እዚያ ብዙ አትቆዩ። የእረፍት ሰዓት ላይ ሂዱ። መምህራን ሜዳ ላይ አሉ ወይ? ጽዳት ሠራተኛዋን ልጆቹ በስሟ ይጠሯታል ወይ? መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አለው ወይ? ከዚያ ዳይሬክተሩን «በዚህ ዓመት ሳይከፍል የሚማር ስንት ልጅ አላችሁ?» በሉት። ቁጥሩን ወዲያው ከነገራችሁ ጥሩ ነው። ስማቸውን ሊነግራችሁ ከጀመረ ግን ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ የድሮ ተማሪ ነኝ፣ አሁን ዱባይ ነው የምሠራው። ለትምህርት ቤቴ ምን ላድርግ?

ኳስና ቀለም ብዙ ሰው ይልካል፤ ይመሰገናል። ከቻልሽ ግን የአንድ ልጅ የዓመት ክፍያ ቻይ። በቢሮው በኩል ይሁን፣ ደረሰኝ ተቀበዪ። የልጁን ስምና ፎቶ አትጠይቂ። ልጁም የከፈለለትን ሰው አይወቅ። ስድስተኛን እስኪጨርስ በየዓመቱ ልትቀጥዪ የምትችዪ ከሆነ ጀምሪ፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ ክፍያ ተቋርጦበት የሚወጣ ልጅ ከባድ ነው።