መልስ፦ ባክቴሪያውን የሚያቆመው ውህድ የሰው ሴልም ገደለብኝ፣ ልጣለው ወይ?

አትጣለው፤ ግን አላለፈም። ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ በሚሊ ሊትር 4 ማይክሮግራም ካቆመ፣ ከጉበት ሴሎች ግማሹን ደግሞ በ12 ከገደለ፣ 12ን ለ4 ስታካፍል 3 ነው። ይህ ቁጥር ውህዱ የሰውን ሴል ምን ያህል እንደሚምር ያሳያል፤ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 10 ይፈለጋል።

ውህድህ የሚያጠቃው የባክቴሪያው ካይኔዝ (ፎስፌት የሚያሸጋግር ኢንዛይም) ኤቲፒ የተባለውን የሴል ኃይል ተሸካሚ የሚይዝበት ኪስ ከሰው ካይኔዞች ጋር ይመሳሰላል፤ የእኛ ደግሞ ከ500 በላይ ናቸው። የትኞቹን እንደሚነካ ሳታውቅ ውህዱን ማሻሻል በጨለማ መዳከር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሰው ካይኔዞች ላይ አስፈትሸው። የቀይ ደም ሴል ማፍረሱን ግን እዚያው ባለህበት ጎንደር መፈተሽ ትችላለህ።

አንድ አደራ፦ እኔም ጎንደር ሳለሁ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ቀዘቀዘና ሴሎቼ አለቁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱ የውህዱ መስሎኝ ነበር። በየሳህኑ ምንም ያልተጨመረባቸውና ዲኤምኤስኦ (ውህዱ የሚሟሟበት ፈሳሽ) ብቻ የገባባቸው ሴሎች ይኑሩህ፤ እነሱም ከሞቱ ጥፋቱን በውህዱ ላይ አትጣል። ዲኤምኤስኦው ከ0.5 በመቶ አይብለጥ።